ከጦር ሰፈር የወጣ ብክለት፦ ማኅበረሰቡ የትኛውን የጤና ጥናት ይጠይቅ?

ከቅዳሴ በኋላ ጸበል ጻዲቅ እየተቀመሰ ሳለ ነው። አንዲት እናት ከቦርሳዋ አራት ቦታ የታጠፈ ወረቀት አውጥታ «ወንድሜ፣ አንተ ይሄን ታውቃለህ አሉኝ፤ እስቲ እየው» አለችኝ። የምትኖረው ከአንድ የጦር አውሮፕላን ማረፊያ ብዙ ሳትርቅ ነው። ወረቀቱ የደም ምርመራ ውጤት ነበር። የኬሚካሎች ስም በአንድ በኩል ተደርድሯል፣ ከጎኑ የእሷ ቁጥር፣ ከዚያ የአገሪቱ አማካይ። ሦስቱ ከአማካዩ በላይ ናቸው። ከሥር በትንንሽ ፊደል ውጤቱ ወደፊት ይታመሙ እንደሆነ አይናገርም የሚል ማሳሰቢያ አለ። ጣቷን እዚያ ላይ አሳርፋ «ታዲያ ለምን ቀዱኝ?» አለች።

ጥያቄዋ ትክክል ነው። እሷ «ታምሜያለሁ ወይ? ልጆቼስ?» ብላ ክንዷን ሰጠች፤ ምርመራው የተዘጋጀው ግን «ኬሚካሉ ሰውነቷ ውስጥ ገብቷል ወይ?» የሚለውን ለመመለስ ነው። በጦር ሰፈር አካባቢ የሚኖሩ ሰዎች ስብሰባ ላይ ቆመው «ጥናት ይደረግልን» ሲሉ ብዙ ጊዜ የሚደርስባቸው ይኸው ነው። ጥናቱ ይመጣል፣ የሚመልሰው ግን የሌላ ሰው ጥያቄ ይሆናል። ስለዚህ በጤና ጥናት ስም የሚቀርቡትን አማራጮች አንድ በአንድ ላወዳድር። ምሳሌዎቹን የወሰድኩት በደንብ ከተመዘገቡ ከአሜሪካና ከስዊድን ጉዳዮች ነው፤ ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

መጀመሪያ ነገሩ ምን እንደሆነ ይለይ

ከጥናቱ ዓይነት በፊት የሚመጣው የበካዩ ነገር ጠባይ ነው። ሁለት ቦታዎችን ጎን ለጎን ብናስቀምጥ ይገባናል።

የመጀመሪያው በኖርዝ ካሮላይና ያለው የባሕር ወለድ ጦር ሰፈር ካምፕ ለጁን ነው። ከ1950ዎቹ ጀምሮ እስከ 1980ዎቹ አጋማሽ ድረስ ወታደሮችና ቤተሰቦቻቸው የሚጠጡት ውሃ ቅባት ማጠቢያ በሆኑ ፈሳሾች ተበክሎ ነበር። ሃድኖት ፖይንት በተባለው የውሃ መስመር ትራይክሎሮኤትሊን የተባለው ፈሳሽ በሊትር እስከ 1,400 ማይክሮግራም ተለክቷል፤ ዛሬ በአሜሪካ ለመጠጥ ውሃ የተፈቀደው 5 ነው። ከመሬት በታች ያሉ የነዳጅ ታንኮችም ያፈስሱ ስለነበር ቤንዚን የተባለው ኬሚካል ገብቶበታል (ስሙ ቢመሳሰልም መኪና ከምንሞላው ነዳጅ ውስጥ አንዱ ንጥረ ነገር ብቻ ነው)። ታራዋ ቴራስ ወደተባለው የመኖሪያ ሰፈር የገባው ፐርክሎሮኤትሊን የተባለው የልብስ ማጽጃ ፈሳሽ ደግሞ የመጣው ከአጥር ውጭ ከነበረ ላውንደሪ ነው። ይህን የማነሳው በምክንያት ነው። የጦር ሰፈር ብክለት ሁሉ ከጦሩ እጅ የወጣ አይደለም፤ ጥናቱ ምንጩን ሳይለይ ከጀመረ በኋላ ክርክሩ ሁሉ እዚያ ላይ ይቀራል።

ሁለተኛው በደቡብ ስዊድን ያለችው ሮነቢ ናት። በአካባቢው ባለው ኤፍ 17 የአየር ኃይል ሰፈር እሳት የማጥፋት ልምምድ ይደረግ ነበር። የሚረጨው አረፋ ፒፋስ የሚባሉትን በቀላሉ የማይበሰብሱ ኬሚካሎች ይዞ ወደ ከርሰ ምድር ውሃ ሰረገ። በዲሴምበር 2013 ሲደረስበት የውሃ ማጣሪያው ተዘጋ። እስከዚያ ቀን ድረስ ከከተማዋ አባወራዎች አንድ ሦስተኛው ያንን ውሃ ሲጠጡ ኖረዋል።

ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው። የካምፕ ለጁን ፈሳሾች ከሰውነት ቶሎ ይወጣሉ፤ ከዓመታት በኋላ ደም ብትቀዱ ምንም አታገኙም። የሮነቢው ግን ይቆያል። ከነዋሪዎቹ 106ቱን ደጋግመው መርምረው እንዳገኙት በደም ውስጥ ያለው መጠን በግማሽ ለመቀነስ አንደኛው ኬሚካል (ፒኤፍኦኤ) 2.7 ዓመት፣ ሁለተኛው (ፒኤፍኦኤስ) 3.4 ዓመት፣ ሦስተኛው (ፒኤፍኤችኤክስኤስ) 5.3 ዓመት ይፈጅበታል። እንግዲህ በአንዱ ቦታ «ደማችንን መርምሩልን» ማለት ጊዜና ገንዘብ ማባከን ነው፤ በሌላው ደግሞ አለመጠየቅ ማስረጃው እያየነው እንዲጠፋ መፍቀድ ነው።

የወረቀት ግምገማ

ብዙውን ጊዜ ቀድሞ የሚመጣው ይህ ነው። ባለሙያዎች ያለውን የውሃ ልኬት ከመመዘኛ ጋር አስተያይተው «አደጋው ከፍተኛ ነው» ወይም «ዝቅተኛ ነው» ይላሉ። ማንም አይመረመርም፣ ማንም አይጠየቅም። ቶሎ ያልቃል፣ ርካሽ ነው፤ ለ«ውሃውን ዛሬ እናቁም ወይ?» ጥያቄ ይበቃል። ላለፉት 30 ዓመታት ለሚጠየቅ ጥያቄ ግን አይበቃም።

ካምፕ ለጁን ላይ የሆነውን ላንሳ። የአሜሪካ የመርዛማ ነገሮችና የበሽታ መዝገብ ኤጀንሲ (ኤቲኤስዲአር) በ1997 ባወጣው ግምገማ ለአዋቂዎች የካንሰር ስጋቱ እምብዛም ነው ብሎ ነበር። ያ ሰነድ የቤንዚኑን ነገር አላስገባም። ኤጀንሲው በ2009 ግምገማውን ራሱ ሰረዘው። 12 ዓመት ሙሉ ግን ሰዎች «ተጠንቶ አደጋ የለውም ተብሏል» ሲባሉ ኖረዋል። የወረቀት ግምገማ ቢቀርብላችሁ እንቢ አትበሉ፤ የትኞቹ ጉድጓዶች፣ በየትኞቹ ዓመታት፣ ለየትኞቹ ኬሚካሎች ተለክተው እንደገቡበት ግን ዝርዝሩን ጠይቁ። ያልተለካ ነገር ሰንጠረዡ ላይ ባዶ ሆኖ ይታያል፤ ባዶውን እንደ ዜሮ የሚያነብ ሰው አይጠፋም።

የደም ምርመራ

ፒፋስ ለተገኘበት ቦታ የእኔ የመጀመሪያ ምርጫ ይህ ነው፤ ምክንያቱም ጊዜ አይሰጥም። ንጹሕ ውሃ ከተተካ ቀን ጀምሮ በደም ያለው እየቀነሰ ይሄዳል። ከ10 ዓመት በኋላ የሚመጣ ተመራማሪ የሚያገኘው ከነበረው ጥቂቱን ነው።

ሮነቢ ላይ ምርመራው በ2014 ተጀመረ። 3,297 ነዋሪዎች ደም ሰጡ፤ ለማነጻጸሪያ ብክለቱ ካልደረሰባት ጎረቤት ከተማ ካርልስሃምን 226 ሰዎች ተጨመሩ። በሮነቢ ሰዎች ደም ውስጥ የፒኤፍኤችኤክስኤስ መጠን ከጎረቤቶቻቸው በ135 እጥፍ፣ የፒኤፍኦኤስ በ35 እጥፍ በለጠ። ከዚህ በኋላ «ውሃው ወደ ሰው አልደረሰም» የሚል ሰው አልተገኘም። ይህ ማስረጃ ፍርድ ቤትም ደርሷል፦ በዲሴምበር 2023 የስዊድን ጠቅላይ ፍርድ ቤት ከፍ ያለ ፒፋስ በደም ውስጥ መገኘቱ ብቻውን የአካል ጉዳት ነው ሲል ወሰነ። በሽታ እስኪመጣ መጠበቅ አላስፈለጋቸውም።

ምርመራ ሲባል ግን አንድ ዓይነት አይደለም። በሩ ለፈለገ ሁሉ ከተከፈተ የሚመጡት የሰጉት፣ ጊዜ ያላቸውና ማስታወቂያውን ማንበብ የቻሉት ናቸው። ኤቲኤስዲአር በ2019 እና በ2020 በጦር ሰፈሮች አቅራቢያ ምርመራ ሲያደርግ ቤቶችን በዕጣ መርጦ ነው የጋበዘው፤ በተወሰኑ ቤቶችም የቧንቧ ውሃና የቤት አቧራ ናሙና ወሰደ። ዕጣ ሲሆን ቁጥሩ ስለ መላው ሰፈር ይናገራል። ጉዳቱ ዕጣ ያልወጣለት ሰው የራሱን ደም ሳያውቅ መቅረቱ ነው። እኔ ብጠየቅ ሁለቱም ይሁኑ እላለሁ፤ አንዱ ለሰፈሩ፣ አንዱ ለግለሰቡ፣ ውጤታቸው ግን ሳይቀላቀል።

ሌላው ነገር ቋንቋው ነው። ጥሪው በፖስታ በእንግሊዝኛ ብቻ ከመጣ የእኛ ሰዎች ደብዳቤውን ከማስታወቂያ ወረቀቶች ጋር ይጥሉታል። ከዚያ ሪፖርቱ ላይ እንዳልኖርን እንቆጠራለን። መጠይቁ በአማርኛ ይዘጋጅ ብሎ መጠየቅ የሚገባው ዕጣው ከመውጣቱ በፊት ነው።

ቁጥሩ በእጃችሁ ከገባ በኋላስ? በ2022 የአሜሪካ ብሔራዊ የሳይንስ አካዳሚዎች ለሐኪሞች ባወጡት መመሪያ የፒፋሶቹ ድምር በአንድ ሚሊ ሊትር ከ2 ናኖግራም በታች ከሆነ ጉዳት አይጠበቅም። ከ2 እስከ 20 ከሆነ በተለይ ስስ ለሆኑ ሰዎች ስጋት አለ፤ ሐኪሙ ኮሌስትሮልን፣ በእርግዝና ጊዜ የደም ግፊትንና የጡት ካንሰር ምርመራን በትኩረት እንዲይዝ ይመከራል። ከ20 በላይ ከሆነ በዚህ ላይ የታይሮይድ ምርመራ፣ ዕድሜያቸው ከ45 በላይ ለሆኑት የኩላሊት ካንሰር ምልክቶች፣ ከ15 በላይ ለሆኑት የወንድ ፍሬ ካንሰርና የአንጀት ቁስለት ምልክቶች ይታያሉ። ያቺ እናት ወረቀት ላይ ያሉትን ቁጥሮች በስልኬ ደመርኳቸው። 23 መጣ።

የካንሰር ቆጠራ

ስብሰባ ላይ አብዝቶ የሚጠየቀው ይህ ነው፤ አብዝቶ የሚያሳዝነውም ይህ ነው። «በእኛ መንገድ ላይ ብቻ አራት ሰው በካንሰር ሞተ» ይባላል። የጤና ቢሮው የካንሰር መዝገቡን በፖስታ ቁጥር ፈልጎ የተመዘገበውን ከሚጠበቀው ጋር ያነጻጽራል።

ሒሳቡን አብረን እንሥራው። በአሜሪካ በዓመት ከ100 ሺህ ሰው ወደ 17ቱ የኩላሊት ካንሰር ይገኝባቸዋል። 5 ሺህ ነዋሪ ባላት ከተማ በ10 ዓመት የሚጠበቀው 8 ወይም 9 ሰው ነው። ምንም ብክለት ከሌለባቸው ብዙ እኩያ ከተሞች አንዷ 4፣ ሌላዋ 13 ልታስመዘግብ ትችላለች፣ በአጋጣሚ ብቻ። አሁን ብክለቱ በሽታውን በግማሽ ጨመረው እንበል። ቁጥሩ 13 አካባቢ ይሆናል፤ አጋጣሚ ብቻውን ከሚያመጣው ክልል አይወጣም። ቢሮው በሐቀኝነት «ከሚጠበቀው የተለየ አላገኘንም» ብሎ ይጽፋል፣ ማንም አልዋሸም፣ 4 ሰዎች ግን በብክለቱ ታመዋል።

ሌላም አለ። መዝገቡ የሚይዘው ሰውዬው በሽታው ሲገኝበት የሚኖርበትን አድራሻ ነው። ካንሰር ዓመታት ይወስዳል፤ በጦር ሰፈር አካባቢ ደግሞ ሰው ይመጣል፣ ይሄዳል። ውሃውን 10 ዓመት የጠጣችው ሴት በሌላ ስቴት ትቆጠራለች፣ ትናንት የገባው ጎረቤቷ ግን እዚህ ይቆጠራል።

ስለዚህ ምክሬ ግልጽ ነው፦ ሰፈራችሁ ትንሽ ከሆነ የካንሰር ቆጠራን የመጀመሪያ ጥያቄያችሁ አታድርጉት። የሚመጣው መልስ አስቀድሞ ይታወቃል፣ ያ መልስም ለሚቀጥሉት ጥያቄዎች ሁሉ በር መዝጊያ ሆኖ ይጠቀስባችኋል።

ሕሙማንን ከጤነኞች ጋር ማነጻጸር

በሽታው ብርቅ ሲሆን ከበሽታው ተነስቶ ወደ ኋላ መሄድ ይሻላል። የታመሙትን ፈልጎ ማግኘት፣ ከእነሱ ጋር የሚመሳሰሉ ጤነኞችን መምረጥ፣ ከዚያ የሁለቱን የውሃ ታሪክ ማስተያየት። በእንግሊዝኛው ኬዝ ኮንትሮል የሚባለው ነው።

ከ1968 እስከ 1985 እናቶቻቸው ካምፕ ለጁን ሳሉ ስለተፀነሱ ወይም ስለተወለዱ ልጆች የተደረገው ጥናት ምን ያህል ድካም እንዳለበት ያሳያል። የ12,598 ልጆች ወላጆች በስልክ ተጠየቁ። ወላጆች የተናገሩት 106 ሕመም ነበር። የሕክምና ማስረጃ ተፈልጎ የጸናው 52 ብቻ ሆነ፦ 15 የጀርባ አጥንትና የአንጎል አፈጣጠር ጉድለት (የነርቭ ቱቦ ጉድለት የሚባለው)፣ 24 የከንፈርና የላንቃ መሰንጠቅ፣ 13 የሕፃናት ካንሰር። ውጤቱ በመጀመሪያዎቹ የእርግዝና ወራት ለትራይክሎሮኤትሊን የተጋለጡ እናቶች ልጆች ላይ የነርቭ ቱቦ ጉድለት በ2.4 እጥፍ ከፍ ማለቱን አመለከተ፤ የእርግጠኝነቱ ክልል (እውነተኛው ቁጥር ሊገኝበት የሚችለው ስፋት፤ 1 ማለት ልዩነት የለም ማለት ነው) ግን ከ0.6 እስከ 9.6 ነው። በ15 ልጆች ላይ የቆመ ቁጥር ከዚህ በላይ ሊጠብብ አይችልም።

ይህን ጥናት እንዲቻል ያደረገው ወር በወር የተሠራው የውሃ ታሪክ ነው። ቀጥተኛ ልኬት የነበረው ለ1980ዎቹ ብቻ ስለሆነ መሐንዲሶች የከርሰ ምድሩን ፍሰት፣ የትኛው ጉድጓድ መቼ እንደተከፈተና እንደተዘጋ አስልተው የየወሩን መጠን ወደ ኋላ ገመቱ። የታራዋ ቴራስ ክፍል በ2007፣ የሃድኖት ፖይንት በ2013 ወጣ። ይህን የሚመስል ሥራ ሳይጠየቅ ኬዝ ኮንትሮል መጠየቅ ሚዛን ሳይኖር ለመመዘን መነሳት ነው።

የረጅም ጊዜ ክትትል

ጠንካራው ይህ ነው፤ ውዱና ዘገምተኛውም ይህ ነው። የተጋለጡትን በሙሉ ስማቸውን መዝግቦ፣ ያልተጋለጡ እኩዮች መርጦ፣ ለዓመታት ማን እንደታመመ ማን እንደሞተ መከታተል ነው።

ቁልፉ ያለው ንጽጽሩ ላይ ነው። በ2014 የወጣው የካምፕ ለጁን ጥናት 154,932 ወታደሮችን ይዟል። ከመላው የአሜሪካ ሕዝብ ጋር ሲተያዩ የካምፕ ለጁን ሰዎች እንዲያውም ያነሰ ነው የሞቱት! ወታደር ተመርምሮና ተመርጦ ስለሚገባ ከመጀመሪያውም ጤነኛ ነው። ተመራማሪዎቹ ግን በካሊፎርኒያ ካለው ካምፕ ፔንድልተን 154,969 ወታደሮች ወሰዱ፦ ያው ጦር፣ ያው ዕድሜ፣ ያው የሕክምና ምርመራ፣ ውሃው ብቻ የተለየ። በዚህ ሚዛን የካምፕ ለጁን ሰዎች የኩላሊት ካንሰር ሞት 35 በመቶ ከፍ ብሎ ታየ። እዚህም ክልሉ ሰፊ ስለሆነ (ከ0.84 እስከ 2.16) ብቻውን አይበቃም ነበር፤ ከሌሎች ጥናቶች ጋር ሲደመር ግን ክብደት አገኘ። በ2023 የወጣ ሌላ ጥናት ያንኑ የሁለት ሰፈር ንጽጽር ይዞ የፓርኪንሰን በሽታ በካምፕ ለጁን 70 በመቶ ከፍ ማለቱን አገኘ። ፓርኪንሰንንና የኩላሊት ካንሰርን ጨምሮ 8 በሽታዎች ከ2017 ጀምሮ ለዚያ ሰፈር አርበኞች ያለ ተጨማሪ ማስረጃ ከውሃው ጋር እንደተያያዙ ይታሰባሉ።

ሮነቢም የከተማዋን የቀድሞ ነዋሪዎች ከ1985 ጀምሮ ከሕዝብ መዝገብ አውጥታ ወደ 60 ሺህ የሚጠጉ ሰዎችን መከታተል ችላለች። ስዊድን ሁሉም ሰው በአንድ መለያ ቁጥር ከአድራሻው እስከ ሐኪም ቤቱ የሚገኝባት አገር ናት። እንዲህ ያለ መዝገብ በሌለበት አገር ያንኑ ጥናት መመኘት ብቻውን አያደርስም፤ የሰዎቹን ስምና አድራሻ ማኅበረሰቡ ራሱ ከወዲሁ መያዝ አለበት።

«ግንኙነት አልተገኘም» ሲባል

በዋሽንግተን ስቴት ያለው ሃንፎርድ ለአቶሚክ ቦምብ ፕሉቶኒየም የሚመረትበት ነበር፤ በተለይ በ1940ዎቹ አጋማሽ ራዲዮአክቲቭ አዮዲን ወደ አየር ለቅቋል። ሳሩን ላም በላች፣ ወተቱን ልጅ ጠጣ። ኮንግረሱ በ1988 ባዘዘው ጥናት ከ1940 እስከ 1946 በአካባቢው የተወለዱ 3,440 ሰዎች ታይሮይዳቸው በሐኪም ተመረመረ። ብዙ አዮዲን ደርሷቸዋል ተብለው በተገመቱትና ጥቂት በደረሳቸው መካከል ልዩነት አልታየም።

የእያንዳንዱ ሰው መጠን የተሰላው በልጅነቱ ስንት ብርጭቆ ወተት ይጠጣ እንደነበር እናቱ ከ40 ዓመት በላይ ቆይታ በምታስታውሰው ላይ በከፊል ተመርኩዞ ነው። ግምቱ ሲዛባ እውነተኛ ልዩነት ቢኖርም ይደበዝዛል። በ1999 የመጀመሪያው ረቂቅ ሲወጣ ለሕዝብ የተነገረው ከማስረጃው በላይ እርግጠኛ እንደነበር የብሔራዊ አካዳሚው ገምጋሚዎች በኋላ ጽፈዋል። ጥናቱ በጥንቃቄ የተሠራ ነው፣ ውጤቱንም አልክድም። ለአያቶቻቸውና ለራሳቸው ሕመም መልስ ይጠብቁ የነበሩ ሰዎች ግን «ምንም አልነካችሁም» ተብሎ ነው የተሰማቸው። ጥናት ከመጀመሩ በፊት ይህን ጥያቄ በጽሑፍ አስመልሱ፦ «አደጋው በእጥፍ ጨምሮ ቢሆን ይህ ጥናት የማየት አቅሙ ስንት በመቶ ነው? በግማሽ ጨምሮ ከሆነስ?» መልሱ ትንሽ ከሆነ ሌላ አማራጭ ፈልጉ።

የጤና ክትትል (በየዓመቱ ነጻ ምርመራ) ደግሞ ጥናት አይደለም፣ ሕክምና ነው። በጥናት ምትክ ሲቀርብ አትቀበሉት፤ ከጥናት ጋር ሲቀርብ ግን ለዛሬ ሰው የሚጠቅመው እሱ ነው።

ለእናትየዋ ወረቀቱን ወደ ቤተሰብ ሐኪሟ ይዛ ሄዳ ኮሌስትሮልና ታይሮይድ እንድታሳይ ነገርኳት፤ ሐኪሙ መመሪያውን ካላወቀው እንዲፈልገው ስሙን ጻፍኩላት። ስለ ልጆቿ ስትጠይቀኝ «እነሱም ይመርመሩ» ከማለት ሌላ ያለኝ ነገር አልነበረም። ከዚያ ወረቀቱን ገልብጣ በጀርባው መጻፍ ጀመረች፦ መቼ ወደዚያ ቤት እንደገቡ፣ የመጀመሪያ ልጇን ስትፀንስ የት እንደነበረች፣ የቧንቧ ውሃ መጠጣት ያቆሙት በየትኛው ወር እንደሆነ። ባለቤቷን ጠርታ «ያ የድሮው አፓርታማችን ቁጥሩ ስንት ነበር?» አለችው። እሱ አላስታወሰም፤ የኪራይ ውሉ ቤት አለ ብሎ ቃል ገባ።